ስምንት ወንበር ለልብ ሕሙማን

ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እንደሚወራው ሰንፌ አይደለም፤ የሒሳብ መምህራችን ከሰሌዳው ጋር ጨዋታ ይዘው ስለነበር መሀል መግባት ነውር መስሎኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከግድግዳ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ጡረተኛ ዳኛ ማእድ ቤት ጥርስ የነከሰው ቧንቧ ፈልፍዬ አውጥቻለሁ። ጥርሱ እንደተሰካ ነበር። እሺ፣ በኋላ ሲታይ የተሰበረ የመሮ ጫፍ ነው። ቢሆንም ለሁለት ሰዓት ያህል ጥርስ ነበር፤ ዳኛውም እስከ ዛሬ ያንን ግድግዳ ተደግፈው አይቆሙም።

የሚያስፈራ ታሪክ መጻፍ የጀመርኩት እንዲሁ ከሥራዬ ጋር ተያይዞ ነው። ባለቤቶቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ግድግዳው ውስጥ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አየር ነው ብትል ሥራህን ጨርሰህ ትሄዳለህ፤ ዞሮ የሚያይህም የለም። «እትዬ፣ ይኼ አየር ቢሆን ደስ ባለኝ» ብለህ ዝም ካልክ ግን ሻይ ይፈላል፣ ብስኩት ይከተላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ አብረን ነው የምንኖረው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አንድ ቀን ደብተር ገዝታ መጣችና ጭኔ ላይ ጣለችው።

«አንተ ቀጣፊ፣ ይኼን ሁሉ ውሸት በሰው ቤት ከምትበትነው እዚህ አጠራቅመው» አለችኝ።

ዘጠኝ ዓመት አጠራቀምኩ። አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። እሷ በምሳ ሰዓቷ እየተየበች መጽሐፍ አስመሰለችው። ርእሱ «ስምንት ወንበር» ነው። ስምንት ሆነው የሚኖሩ ቤተሰቦች አዲስ ቤት ይገባሉ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሁሉም በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ይስቃሉ። ቤቱ ግን ርቦታል። በየምዕራፉ ግድግዳው አንድ ሰው ይውጣል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፤ ጠዋት ሲነሱ አንድ ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያገኙታል፣ በቃ። መጨረሻው ገጽ ላይ ስምንት ባዶ ወንበር፣ የተጠረገ ገበታ፣ በልቶ እንደጠገበ ሰው ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ግድግዳ ብቻ ይቀራል።

ስድስት አሳታሚ መለሰብኝ። አንደኛው በመጣበት ፖስታ ላይ ሌላ ፖስታ ደርቦ፣ በሲባጎ አሥሮ ነው የመለሰው፤ እንዳይወጣ ነው መሰለኝ። ሰባተኛው አሳታሚ ዘንድ ስሄድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ግጥም፣ ልብ ወለድና የልጆች መጽሐፍ እንቀበላለን። የሚያስፈራ ነገር አንቀበልም።» አሳታሚውን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ከወንበራቸው የሚዘሉ ሰው ናቸው ይባላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይመለስ ነበር። እኔ ግን በከተማው ውስጥ ስምንተኛ አሳታሚ እንደሌለ አውቃለሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ፖስታው ላይ «ስለ አንድ ቤተሰብ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ቤተሰብ አለበት። እያነሰ ይሄዳል እንጂ።

በሁለተኛው ወር ስልክ ተደወለ። «ልጄ፣» አሉ ጋሼ፣ «አራሚያችን በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመናቸው አንድ መጽሐፍ አመስግነው አያውቁም። ያንተን አመሰገኑት! ማተሚያ ቤት ልናስገባው ነው።»

እኔ ጋሼ በስተርጅና ደፋር የሆኑ መስሎኝ ነበር። የሆነውን ያወቅኩት ሰኞ እለት ነው። እታለም ለምሳ ስትመጣ አንድ ወረቀት በእጇ ይዛለች፤ መጻሕፍት መሸጫዎች መስኮታቸው ላይ የሚለጥፉት የወሩ የመጻሕፍት ዜና ነው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆማ አነበበችልኝ።

«‹ስምንት ወንበር። የተበታተነ ቤተሰብ አንድ በአንድ ወደ ገበታው የሚመለስበት፣ ልብ የሚያሞቅ ልብ ወለድ። ለልጅም ለአዋቂም፣ በተለይም ለታመመ ሰው መልካም ስጦታ።›»

«ሌላ ስምንት ወንበር ይሆናል» አልኩ።

«ስምህ አለበት። ዝም ብለህ ስማ። ‹የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ቅጂዎች ሆስፒታል ለተኙ የልብ ሕሙማን በስጦታ ይታደላሉ።›»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። እግዜር ያውቃል፣ በዕድሜዬ ስንት ቀልድ ቀልጃለሁ፤ እንዲህ ያለው ግን ሳልለፋ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ አያውቅም። ሆዴን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እታለም ግን አልሳቀችም።

«አንተ፣ እኔ ጤነኛዋ ስተይበው ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጥቻለሁ። ልቡ የደከመ ሰው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ምን ይሆናል?»

«ሆስፒታል አይደሉ እንዴ? ሐኪሙ አጠገባቸው ነው።»

«ነገ ጠዋት ሄደህ ትናገራለህ።»

«እታለም፣ ከተናገርኩ መጽሐፉ ሞተ ማለት ነው። ሰባተኛው በር ነው። ከዚህ ወዲያ በር የለም።»

«አውቃለሁ» አለችኝና ወረቀቱን አጥፋ በልብሴ ኪስ ከተተችልኝ። «ተይቤዋለሁ እኮ። ከአንተ ይልቅ እኔን አይቆጨኝም?»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ፖስታው ላይ ያችን ቃል የጻፍኳት እኔ። መጽሐፉ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል። አፌን ከዘጋሁ ደራሲ ነኝ፤ ከከፈትኩ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ፀጉር ቤት ማጠቢያ ስጠግን ሁለት ጊዜ ውኃው ፊቴ ላይ ፈነዳ፤ አንዴም አልተሳደብኩም። ፀጉር አስተካካዩ «አሞሃል እንዴ?» ብሎኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። የአሳታሚው ቢሮ አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ ጠረጴዛዎቹ በሙሉ ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል። በስተግራ ሽፋን የሚሠራው ሠዓሊ፣ በስተቀኝ ገጾቹን በኮምፒውተር የምታቀናብረው ሴት፣ ጥግ ላይ ደግሞ አራሚዋ። ሠራተኞቹ እትዬ ሰርዝ ነው የሚሏቸው። ከስልሳ ያለፉ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ቀይ እስክሪብቶና የእንጨት ማስመሪያ ይዘው የሌላ ሰው መጽሐፍ ያርማሉ። ጋሼ ዓይናቸው ስለደከመ የሚመጣውን መጽሐፍ አያነቡትም አሉ፤ እትዬ ሰርዝ ግማሽ ገጽ ይጽፉላቸዋል፣ በእሱ ይወስናሉ። ዜናውም የተቀዳው ከዚያው ከግማሽ ገጹ ነው።

«የስምንት ወንበር ደራሲ ነኝ» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ነህ? ቁጭ በል፣ ቁጭ በል! ምን ያለ ልብ ነው የሰጠህ! አማርኛህ ግን እንደ በግ ተጎትቶ የመጣ ነው፤ አስተካክዬዋለሁ።»

ልናገር አፌን ስከፍት ማስመሪያውን አየሁት። ወረቀቱ ግርጌ ላይ አስቀምጠው፣ አንድ መስመር ካነበቡ በኋላ ወደ ላይ ይገፉታል። ገጹን ጨርሰው ሲገልጡ ቁጥሩን አየሁ፤ ከመቶ አሥራ ሁለት ወደ መቶ አሥራ አንድ ሄዱ።

«እትዬ፣ ከኋላ ነው እንዴ የሚያነቡት?»

«ኧረ ከኋላ ነው! ታሪክ ሌባ ነው፣ ልጄ። ከፊት ከጀመርክለት እጅህን ይዞ ይወስድሃል፤ አንተ ስትወሰድ ስህተቱ በአጠገብህ ያልፋል። ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው፣ ከታች ወደ ላይ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ታሪክ አልወሰደኝም።»

«ከፊት ያነበቡት አንድም የለም?»

«እኔ የተቀጠርኩት ላርም ነው። ማንበብ የሌላ ሰው ሥራ ነው።»

ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ። «እስቲ የእኔን ይንገሩኝ፣ እንዴት ነበር?»

እትዬ ሰርዝ ፊታቸው በራ። «ባዶ ቤት ነው። ስምንት ወንበር ብቻ። እንዴት ያለ ብቸኝነት ነው! ከዚያ እናትየዋ ትመጣለች። ከዚያ አባትየው። ከዚያ አክስትየዋ፣ ያቺ ሳህን ስታጥብ የምታንጎራጉረው። አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ ተሰብስበው መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ ገበታ ሲስቁ... እኔ አላለቅስም፤ ግን ያን ቀን ቀዩ እስክሪብቶ ትንሽ ተንጠባጥቧል።»

«‹ግድግዳው ዋጠው› ይላል እኮ።»

«ይላል። ግን ገጹን ስገልጥ ሰውዬው ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። ዘይቤ መሰለኝ።»

እዚያ ላይ ብነሳና ብሄድ ማንም አያውቅም ነበር። ግማሽ ገጹን የጻፉት እኚህ ሴት ራሳቸው ናቸው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ምንም አልተናገርኩም፣ ምንም አልያዝኩም። ግን ያቺን ከእስክሪብቶው የተንጠባጠበች ነገር ልረሳት አልቻልኩም። ለእኔ መጽሐፍ ነው የተንጠባጠበችው።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ሰዎቹ እየመጡ አይደለም።»

«ታዲያ ምን እየሆኑ ነው?»

«እየሄዱ ነው።»

የእስክሪብቶውን ክዳን አንስተው ከደኑት። ከዚያ በጣታቸው ወደ መደርደሪያው አሳዩኝ፤ ያረሟቸው መጻሕፍት ሁሉ እዚያ ቆመዋል።

«ያ ሰማያዊው የሁለት ወጣቶች ፍቅር ነው ብያለሁ። ሲጣሉ ይጀምራል፣ ሲጋቡ ያልቃል። ለሙሽሮች ስጦታ ይሁን ብዬ ጽፌያለሁ።»

ሠዓሊው ከወዲያ ጠረጴዛ ቀና ሳይል፣ «እትዬ፣ እሱ ስለ ፍቺ ነው» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ጊዜ ታተመ፤ ምን ብዬ ልንገርዎ?»

እትዬ ሰርዝ የሚያባርሩኝ መስሎኝ የመሣሪያ ቦርሳዬን አነሳሁ። እሳቸው ግን መሳቢያቸውን ስበው ማስመሪያውን ከተቱት፤ ቀዩንም እስክሪብቶ ከተቱት። የእኔን መጽሐፍ አወጡና ገጽ አንድን ከላይ ጀመሩ።

ሰው የጻፍኩትን ሲያነብ ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም። ሲሰማኝ ነው የማውቀው። ሲሰማኝ ፊቱን እያየሁ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። አሁን ግን አንድ ቃል መጨመር አልችልም፤ እጄን ጉልበቶቼ መሀል አድርጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ገበታ ላይ ሳቁ። አያትየው ሲጠፉ ሳቃቸው ቆመ፤ እግራቸውን ከወለሉ አንስተው የወንበሩ እርከን ላይ ሰቀሉ። ሁለተኛው ወንበር ፊቱን ሲያዞር ብድግ ብለው የራሳቸውን ወንበር ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቁት።

«ምነው እትዬ?» አለች ገጽ አቀናባሪዋ።

«ዝም ብለሽ ወንበርሽን ይዘሽ ወደዚህ ነይ።»

«ግድግዳ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሠዓሊው ሳቀ። እትዬ ሰርዝ ያነበቧቸውን ገጾች ሰጡት። ትንሽ ቆይቶ ሳቁን ተወ፤ ቀጥሎ ብሩሹን ተወ፤ ቀጥሎ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሦስቱም ክፍሉ መሀል ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ገጽ ይቀባበላሉ፤ ከመርከብ አደጋ ተርፈው አንዲት ጀልባ ላይ የተጠጉ ነው የሚመስሉት። ያኔ የሆነ ሰው ፎቅ ላይ ቧንቧ ከፈተ መሰለኝ፣ ግድግዳው ውስጥ ጉርርር አለ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወት አንዴ ነው የሚመጣው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«አየር ነው» አልኩ።

ማንም አላመነኝም።

ጋሼ ከቢሯቸው የወጡት ያኔ ነው። ክብ ፊት፣ ክብ ሆድ፣ እጃቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ። ሠራተኞቻቸውን መሀል ወለል ላይ ተኮልኩለው ሲያዩ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ተንቀጫቀጨ።

«ጣሪያው ያፈሳል?»

እትዬ ሰርዝ ተነሱ። «ጋሼ፣ ይኼ መጽሐፍ የሚያስፈራ መጽሐፍ ነው። ግማሽ ገጹን ተሳስቼ ነው የጻፍኩልዎ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእሳቸው አይደለም» አልኩ። «በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቤ ነው ያስገባሁት። ፖስታው ላይ ‹ስለ አንድ ቤተሰብ› ያልኩት አውቄ ነው።»

ጋሼ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። «የልብ ሕሙማኑስ?»

«ለእነሱ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ አልተቆጣሁህም። መጥተህ በመናገርህ አመሰግናለሁ። ግን እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ መሆኔን በሬ ላይ የጻፍኩት እንዳልዋሽ ነው። የምፈራውን ነገር አትሜ ለሰው እንዴት እሰጣለሁ? ውሰደው።»

በቃ፣ አለቀ። ዘጠኝ ዓመት ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ ካለ አሥራ አንድ ደብተር ነው የሚከብደው። ገጾቹን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ። ሠዓሊው በእጁ ያለውን ሰጠኝ፤ ገጽ አቀናባሪዋም ሰጠችኝ። እትዬ ሰርዝ ግን እጃቸው ላይ ያለውን አልለቀቁም። እስበዋለሁ፣ ይስቡታል።

«እትዬ፣ ይስጡታ» አሉ ጋሼ።

«አልሰጥም። አክስትየዋ ጋ ደርሻለሁ።»

«መጨረሻውን ያውቁት የለም እንዴ? ከመጨረሻው አይደል የጀመሩት?»

«አውቀዋለሁ። ባዶ ቤት ነው።» ገጹን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። «የሚቀጥለው ገጽ ላይ ሳህኗን አስቀምጣ ፎጣ ልታመጣ ትሄዳለች፤ አትመለስም። አውቃለሁ፣ በቀይ አርሜዋለሁ፣ ሁለት ነጥብ ጨምሬበታለሁ። ግን ዛሬ ይኼን ገጽ መግለጥ አቃተኝ። ባልገልጠው የምትተርፍ ይመስለኛል። ጋሼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱን ሰው ሳላውቀው አሳለፍኩት። ለእርስዎ ፍርሃት ነው፣ ለእኔ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። የምፈራላት ሰው አገኘሁ።»

ጋሼ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። በሩን የሚዘጉ መስሎን ስንጠብቅ የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማ፤ ትልቁን የቆዳ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወጡ። መሀል ወለል ላይ፣ ጀርባቸውን ለሰዎቹ ሰጥተው፣ ከአራቱም ግድግዳ እኩል ርቀው ተቀመጡ። ሁለቱንም እግራቸውን አነሱ።

«ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ። ከፊት። ‹በቃ› ስል ያቆማሉ።»

እትዬ ሰርዝ ከገጽ አንድ ጀመሩ። ጋሼ «በቃ» ያሉት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ወዲያው «እሺ፣ ይቀጥሉ» ብለዋል። አክስትየዋ ገጽ ላይ ሲደርሱ እትዬ ሰርዝ ቆሙ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ ቆይተው በአንድ እጃቸው ጠረጴዛውን ጨብጠው ገለጡት። ሄደች። ጋሼ መሐረባቸውን አወጡ።

ከምሳ በኋላ፣ ምሳ ማንም ሳይበላ፣ ጋሼ እግራቸውን ወለሉ ላይ አወረዱ። «ሆስፒታሉ ዛሬውኑ ይነገረው፣ ሌላ መጽሐፍ ይላክላቸው። ዜናው ተለውጦ ይታተም፤ የሚያስፈራ መሆኑ በትልቁ ይጻፍ፣ ማንም ሳያውቅ እንዳይገባበት። ለሐሙስ አይደርስም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ይሁን።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ሁለተኛ በፖስታ ላይ እንዳትጽፍ።»

«እትዬ ይጽፉልኛል» አልኩ።

ስልኬን አውጥቼ እታለም ጋ ደወልኩ። ስቸኩል ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ አንዱ የዳኛው ቤት ነበር።

«ተናገርኩ፤ ግን ይታተማል» አልኳት።

«አንተ፣ በዚህ አትቀልድብኝ።»

«በእናታችን!»

«በእናታችን ስንት ጊዜ ምለሃል? ጥርስ የነከሰው ቧንቧም በእናታችን ነበር።»

ምን ላድርግ፣ ስልኩን ለእትዬ ሰርዝ አቀበልኩ። «እህቴ ናት፣ አላመነችኝም።»

«ሄሎ፣ እውነት ነው የኔ ልጅ፣ ይታተማል» አሉ እትዬ ሰርዝ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ ነሽ የተየብሽው? እስቲ ንገሪኝ፣ አክስትየዋን ለምን እንደዚያ አደረጋት? ... እህ? ... ለምነሽው ነበር? እኔ ብሆን ገጹን ደብቄ አልተይብም እል ነበር! ... አይ፣ ፎጣውን ባታነሳ ኖሮ እኮ...»

እታለም እንደለመነችኝ አላስታውስም። ምናልባት ሥራ ላይ ሆኜ ቧንቧው ሲያጉረመርም አልሰማኋት ይሆናል። ከስልኩ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ እየተቆጣች ነው። እትዬ ሰርዝም እየተቆጡ ነው። ገጽ አቀናባሪዋ «አክስትየዋ በሩን መስማት ነበረባት» ብላ ገባችበት፤ ሠዓሊው «ምን በር ነው፣ ጥፋቱ የአባትየው ነው» አለ። ጋሼ «ቀስ በሉ፣ እኔ ገና ምዕራፍ ስድስት ነኝ!» ብለው ጆሯቸውን ያዙ።

እኔ መሣሪያዬን ይዤ መሀላቸው ቆሜያለሁ። የሚጠይቀኝ የለም፤ ስለ ሥጋ ዘመዳቸው እንደሚጣሉ ሰዎች ነው የሚጣሉት። ምንም ሳልጨምር ቆሜ ሰማኋቸው።